ስምሽ የደረሰ ገብስ ይመስላል

ጎንደር፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሰርካለም፣

ጤናሽን፣ የሆስፒታሉን የሌሊት ተራ፣ የሐዋሳን ሙቀትና የዚያን የቀልበ ቢስ ልጄን አመል ሁሉ ባንድ ላይ እጠይቃለሁ። እንዴት ነሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የፊልጶስ አባት ጾሙ ገና ሳይጋመስ ሽሮ ሰልችቶት ፋሲካን በጣቱ ይቆጥራል። እኔ ደግሞ ለበዓል የታዘዘ የቀሚስ ጥልፍ ከፊቴ ተከምሮ ከስፌት መኪናዬ ቀና አልልም። አንገቴ ደርቋል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስልክ ስደውል ፊልጶስ ወዲያው ላውድ ላይ ያደርገዋል፤ ከዚያ የአማትና የምራት ወግ መሆኑ ይቀርና የቀበሌ ስብሰባ ይሆናል። ደግሞም የዛሬውን ነገር በስልክ ብጀምረው መሃል ላይ ኔትወርኩ ይቆረጥና ግማሹን ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ግማሽ ወሬ ደግሞ ከምንም ይብሳል። ስለዚህ ጻፍሁት። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ዶክተር ፀደይ ትባላለች፤ የዓይን ሐኪም ናት፤ ለሥልጠና ወደ እናንተ ከተማ ትመጣለች። የእሷን ነገር ወደ ታች እነግርሻለሁ።

በቀጥታ ልግባ። ባለፈው ወር ፊልጶስ እየሳቀ «ከፋሲካ በኋላ ለድግሱ ጎንደር ስንሄድ እናቴ አዲስ ስም ታወጣልሻለች» ሲልሽ ስልኩ ላይ ነበርሁ። አንቺም እንደ ቀልድ «ስሜ ምን ሆነ?» አልሽ። እሱም «ባህላችን ነው፤ ከዚያ ወዲያ በእኛ ቤት ሰርካለም የሚልሽ የለም» አለሽ። ያን ጊዜ ድምፅሽ ተለወጠ። «ስሜን አባዬ ነው ያወጣልኝ» አልሽ፤ «ከእሱ የቀረኝ ይኸው ስም ብቻ ነው።» ከዚያ ወዲህ ስትደውዪ «ሰላም ነዎት? ደኅና ይዋሉ» ብቻ ሆነ። ትናንት ደግሞ ፊልጶስ «ምናልባት ብቻዬን እመጣ ይሆናል፤ እሷ ሥራ በዝቶባታል» አለኝ። ልጄ ሲዋሽ ድምፁ እንደሚቀጥን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቃለሁ። ሥራ አይደለም፤ ስሙ ነው። እንዳትቀሪብኝ ፈርቼ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ባህሉን እንደ ዋዛ ስለ ነገረሽ ደንግጠሽ ይሆናል። በእኛ በኩል ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ትነሣና በእንግዳው ፊት «እንዲህ ብያታለሁ» ብላ ስም ታወጣላታለች። እልልታው ይቀልጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባሏ ወገን በሙሉ የሚጠራት በዚያ ነው። በክፋት አይደለም፤ «ለእኛም ልጃችን ሆነሻል» ለማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? በእኛ አገር የመጀመሪያውን መልአክ ያወጣዋል፤ ሁለተኛውን አማት። አማት ደግሞ ሁልጊዜ መልአክ አይደለችም።

አሁን እንግዲህ ተራው የእኔ ነው። ድግሱ ለዳግም ትንሣኤ ተቆርጧል፤ ዘመድ ሁሉ ሰምቷል። የፊልጶስ አባት ማታ ማታ «ስሙ ተገኘ?» ይለኛል፤ እኔም «ይመጣል» እለዋለሁ። አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ እንዲገባሽ ለቤተሰብ ነግሬ የማላውቀውን ነገር መንገር አለብኝ።

መጀመሪያ በስልክ ስንተዋወቅ «ስምሽ ደስ ሲል፤ የደረሰ ገብስ ይመስላል» እንዳልሁሽ ትዝ ይልሻል? አንቺ ሳቅ ብለሽ «እንዴት?» ብትዪኝ ወሬውን ወደ ዝናብ አዞርሁት። ከአፌ አምልጦኝ እንጂ ለመናገር አስቤ አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው። ለእኔ ፊደል ሁሉ ቀለም አለው። ስም ሲጠራ ያ ቀለም ከፊቴ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ግንባሬ አካባቢ ይዘረጋል። በዓይኔ አይደለም የማየው፤ በዓይኔ አይደለም ማለት ግን አላየውም ማለት አይደለም። ከዚህ የተሻለ አድርጌ መናገር አልችልበትም።

የነቃሁበት ልጅ ሳለሁ ማክሰኝት ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጥቶ ከሽማግሌው ከባልቴቱ ጋር አንድ ላይ ፊደል ስንቆጥር፣ ዘማቹ አስተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ጠመኔ ከሀ ጀምሮ ጻፈ። እጄን አነሣሁና «ጋሼ፣ ምነው ሁሉንም ነጭ አደረጓቸው? ሌላ ጠመኔ የለም?» አልሁት። «ምን ዓይነት ጠመኔ ፈለግሽ?» አለኝ። «ለ ግድ የለም፣ እርጎ ነው፣ ነጭ ይሁን። መ ግን አረንጓዴ አይደል?» አልሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ይህችን ልጅ ርቧታል፤ እርጎ ስጧት» አሉ። ከዚያ ወዲያ አፌን ዘጋሁ። ማንም አያየውም ብዬ ግን አልነበረም። ሁሉ ሰው ያየዋል፣ ማውራቱ ነውር ሆኖ ነው ብዬ ነው ዝም ያልሁት።

እንዲህ እያልሁ ስኖር ዓምና ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ቢያቅተኝ መነጽር ላሠራ ሄድሁ። ዶክተር ፀደይ ፊደል የተጻፈበትን ሰሌዳ ከሩቅ እያሳየች «ያንብቡልኝ» አለችኝ። ከላይ ያሉትን አነበብሁ። ደቃቆቹ ላይ ስደርስ «ሦስተኛው መ ይመስላል፤ ግን አረንጓዴ አልሆነልኝም፤ እንግዲያ መ አይደለም» አልኋት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እማማ፣ ሰሌዳው እኮ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው» አለች። «እሱማ ይታየኛል» አልሁ። «ታዲያ አረንጓዴው ከየት መጣ?» ብትለኝ «ከመ ነዋ!» አልሁ። የውጭው ሰልፍ እስኪያጉረመርም ድረስ አስቀምጣኝ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠየቀች ቀለሙን ጻፈች። ከወራት በኋላ መነጽሩን ልወስድ ስሄድ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ «እማማ፣ ጨ?» አለችኝ። «ምስር ክክ» አልሁ። «ወ?» «የበግ ጸጉር፣ ያልታጠበ።» ትናንት የበላሁትን የምረሳ ሴት አንዱንም አልሳትሁም። ቀ ላይ ብቻ ተከራከርን፤ እሱንም እሷ ናት አጣርታ ያልጻፈችው።

ሲነስቴዥያ ይባላል አለችኝ። በሽታ አይደለም፤ አንዳንድ ሰው እንዲህ ሆኖ ይፈጠራል። ስሙ ራሱ አሳቀኝ፤ በገብስ ይጀምርና ወደ ኋላው እንደ ድሪቶ ይዥጎረጎራል። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። «አንቺስ ስም ሲጠራ ምንም አይታይሽም?» ብላት «ምንም» አለችኝ። ያን ዕለት እያዘንሁላት ወጣሁ። እውነቴን ነው ሰርኬ፣ እናንተ እንዴት ነው የምትኖሩት? ፊልጶስ ሲባል ምን ይመጣልሻል? ባዶ ነው? ጨለማ ነው? ወይስ የእሱ ፊት ብቻ ድቅን ይላል? አንቺ ነርስ ነሽ፣ ለዚህ ነገር ትቀርቢያለሽ፤ አስቢበትና ንገሪኝ። ገበያ ውዬ ሰው ሲጠራራ ስሰማ ይህ ሁሉ ቀለም ለእኔ ብቻ መሆኑ እስካሁን አልዋጥልሽ ብሎኛል።

ትንሽ ላስተምርሽ። ፊደሉ በየቤተሰቡ ነው። ሰ ሱ ሲ ሳ ሴ ስ ሶ ያንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ገብስ ናቸው። ሰ የደረሰው ነው፤ ሱ ደመና ያጠላበት፤ ስ ታጭዶ የተከመረው። በንጉሡ ሠ የተጻፈውን ሳይ ግን ያው ድምፅ ሆኖ ሳለ መዳብ ይሆንብኛል፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። መ እንዳልሁሽ አረንጓዴ ነው፤ የስምሽ ጫፍ ላይ ያለችው ም ጠቆር ያለችው እህቱ ናት፤ ገብሱን እንደ ማሳ ድንበር ትከበዋለች። የ የተልባ አበባ ነው። ዳባት በኩል ክረምት ሲወጣ የተልባ ማሳ ያየ ሰው ያን ሰማያዊ አይረሳውም። ከሁሉ እሱን እወዳለሁ። አ ደግሞ ውሃ ነው። የራሱ ቀለም የለውም፤ ከጎኑ ያለውን ይዋሳል። በ እርጥብ አመድ ነው። ፊልጶስ ሲወለድ አባቱ «በላይ እንበለው» ቢል «ሌላ በ እዚህ ቤት አይገባም» ብዬ ድርቅ አልሁ። ምክንያቴን አልጠየቀኝም፤ አራስ ሴት ምክንያት አትጠየቅም።

«ሌላ» ያልሁት አንዱ በ እኔው ራሴ ስለ ነበርሁ ነው። ሰው ሁሉ አበቡ ይለኛል፤ አንቺም የምታውቂኝ በዚሁ ነው። አበቡ ግን ወላጆቼ ያወጡልኝ ስም አይደለም። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ከማክሰኝት ዳባት ስዳር፣ የፊልጶስ አያት እሜቴ ይርገዱ ከእንግዳው መሃል ተነሥተው «አበቡ ብያታለሁ!» አሉ። እኔ ተሸፋፍኜ ተቀምጬ ምን ቀለም ይመጣልኝ ይሆን እያልሁ እጠባበቅ ነበር። መጣ። አ እንደ ልማዱ ከጎኑ ተዋሰና ሙሉውን አመድ ሆነ። ስሙ ስለ አበባ ነው፤ ሰው ሲሰማው ደስ ይለዋል። ለእኔ ግን ዝናብ የገባበት ምድጃ ነበር። እልልታው እስኪያልቅ አለቀስሁ፤ ሰው የሙሽራ ለቅሶ መሰለው።

እሜቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ያዢልኝ። ወልጄ ተኝቼ ማር በጣታቸው ያላሱኝ እሳቸው ናቸው። አንድ አመል ብቻ ነበራቸው። ጧት ጧት ደጃፍ ይቆሙና «አበቡ!» ብለው ይጣራሉ። ወንዝ ዳር ብሆን እንስራዬን ጥዬ እሮጣለሁ። ስደርስ የሚያዙኝ ነገር የለም። «በይ ተመለሽ» ይሉኛል። ተመልሼ ውሃዬን ሳልቀዳ እንደገና «አበቡ!»። ስንቱን ቀን በልቤ አጉረምርሜባቸዋለሁ። የእሳቸው ስም ይርገዱ ደግሞ ይ ከተልባው ቤተሰብ አይደለች? ወደ ማታ ሲል ያለው ሰማያዊ ነው። እቀናባቸው ነበር። ለራሳቸው ሰማዩን ይዘው ለእኔ አመዱን ሰጡኝ እል ነበር።

ኋላ ጎንደር ስንገባ መታወቂያውም በአበቡ ወጣ። እናቴና አባቴ ሞቱ፤ እኔም አንድያ ልጃቸው ነበርሁ። የልጅነት ስሜን የሚያውቅ ሰው አንድ በአንድ አለቀ። የፊልጶስ አባትማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አንቺ» ነው የሚለኝ፤ ሚስትን በስሟ መጥራት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ነው። ሰሞኑን «እስኪ አንድ ቀን እንኳ በፊቱ ስሜ ጥራኝ» ብለው ጉሮሮውን ጠረገና በሩን እያየ «ምነው፣ አሞሻል?» አለኝ።

እንግዲህ ያንቺን ነገር ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። አመድ ውስጥ መኖርን አውቀዋለሁ፤ ሰርካለምን ከሚያህል ገብስ አውጥቼ የት ላገባሽ ነው? ስም ሳላወጣልሽ ብቀር ደግሞ እሜቴን መናቅ ይሆንብኛል። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ ለድግሱ ደግፈን ልናመጣቸው ነው፤ የልጅ ልጃቸው ሚስት ስም ሲወጣላት ሳልሰማ አልሞትም ይላሉ። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በፊት መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ተሳፍሬ ዳባት ወጣሁ፤ ፈቃድ ልለምን።

ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «አበቡ! ምነው ሳትልኪብኝ መጣሽ? ደኅና ነሽ?» አሉኝ። ያው አመዱ ፊቴ ላይ ተዘረጋ። እግራቸውን ስሜ ጎናቸው ተቀመጥሁ።

«እሜቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቂኛ። ለወሬ ካልሆነ ይህን ሁሉ አገር ምን አስመጣሽ።»

«ለፊልጶስ ሚስት ስም ባላወጣላት ይቀየሙኛል?»

«ምነው? ስም አጣሽ?»

«ስም አላጣሁም። የራሷን ስም አባቷ ነው ያወጣላት። አባቷ ደግሞ የሉም። ከእሳቸው የቀረኝ ይኸው ነው ብላ ከፍቷታል።»

መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ አዛወሩ። ከዚያ «የእኔንም አባቴ ነበር ያወጣልኝ» አሉ።

«ይርገዱን?»

«ይርገዱማ የአማቴ ነው። እሷ ናት እዚህ ቤት ስገባ ያለችኝ። አልወደድሁትም ነበር።» ሳቅ አሉ። «የአባቴማ አበቡ ነበር።»

ሰርኬ፣ ከእኚህ ሴት ጋር ስንት ክረምት አንድ ጣራ ሥር ኖሬያለሁ። እሳቸውም አንድ ቀን ተሸፋፍነው የተቀመጡ ሙሽራ እንደ ነበሩ፣ እሳቸውም ስማቸውን ተነጥቀው ሌላ እንደ ተሰጣቸው አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። አሮጊት ሁሉ ከነስሙ አሮጊት ሆኖ የተወለደ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ቅናት፣ ያ ሰማያዊ ስም፣ ለእሳቸው የማይወዱት ስም ኖሯል።

«ታዲያ ምነው ለእኔ ሰጡኝ?» አልኋቸው።

«ለማን ልስጠው? ሴት ልጅ አልወለድሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አበቡ የሚል አፍ ጠፋ። አንቺ ስትገቢ አየሁሽ፤ ሸጋ ልጅ ናት፣ ትይዝልኛለች አልሁ። ከዚያማ ጧት ደጃፍ ወጥቼ አበቡ! ስል ጎረቤቱ ይሰማል፤ ጋራው ይመልሳል፤ ጆሮዬም ይሰማል። ደስ ይለኝ ነበር።»

ለሥራ የሚጠሩኝ መስሎኝ ነበር። እንስራዬን ጥዬ እየሮጥሁ ስደርስ የሚያዙኝ ነገር የሚያጡት ለካ የሚጠሩት እኔን ስላልነበር ነው። ራሳቸውን ነበር። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም፤ እሳቸው ግን ዓይናቸው ስለ ደከመ አላዩትም። አንድ ነገር ሳልጠይቅ መመለስ ስላልቻልሁ «እሜቴ፣ ይህ ስም ሲጠራ ምን ይታይዎታል?» አልኋቸው። «ምን ይታየኛል» አሉ፤ «እናቴ ትታየኛለች።»

ለዶክተር ፀደይ ይህን ነግሬያታለሁ። እሷም ቀለሙ እንደማይለወጥ ነገረችኝ፤ እውነቷን ነው፤ አበቡ ዛሬም እርጥብ አመድ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሲጠራኝ ፊቴን አላዞርም። ምድጃው አጠገብ አንዲት የማላውቃት ልጅ የተቀመጠች ይመስለኛል።

ስለ አንቺም ፍርዳቸውን ሰጡ። «እንግዲያ ተይላት» አሉኝ። «እንግዳው ምን ይላል?» ብላቸው «እንግዳ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል፤ በስሙ የምትኖረው እሷ ናት» አሉ። አሁን የእኔን የልጅነት ስም ይጠይቁኛል ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ። አልጠየቁኝም። ደከማቸውና ጋደም አሉ፤ ጋቢያቸውን አልብሻቸው ወጣሁ።

ስመለስ በሚኒባሱ መስኮት አምባ ጊዮርጊስን እያየሁ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። እሜቴ ያደረጉትን እኔስ ባደርገው? ለዳግም ትንሣኤ ተነሥቼ የራሴን የልጅነት ስም ባወጣልሽስ? አየለች ነበር ስሜ። አ ውሃ ነው ብዬሽ አልነበር? ከጎኗ የ አለች፤ ከዳር እስከ ዳር ተልባ ይሆናል፤ ለ ነጭ ጠብ ትልበታለች። ፊልጶስ ከጓዳ «አየለች!» ብሎ ሲጠራሽ፣ ጎረቤት «አየለች አለች?» ብሎ ሲገባ፣ እኔ ጥልፌን ይዤ ጥግ ተቀምጬ ያን ቀለም ሳይ እውላለሁ። በራሴ አፍ ስጠራው አይሆንም፤ ራስን እንደ መኮርኮር ነው፤ ሞክሬዋለሁ። ከሌላ ሰው አፍ ካልወጣ ቀለሙ ደብዝዞ ይቀራል። እንዴት እንዳማረኝ ልነግርሽ አልችልም።

እስከ ኬላው ድረስ አማረኝ። ኬላው ላይ መታወቂያዬን ያየው ልጅ «እማማ አበቡ፣ ይሂዱ» ብሎ ሲመልስልኝ ነቃሁ። እሜቴ የራሳቸውን ሲያድኑ የእኔ ጠፋ፤ እኔ የእኔን ባድን ያንቺ ይጠፋል። አንቺ ደግሞ አንድ ቀን ወንድ ልጅ ትድሪና ሰርካለምን በማታውቂያት ልጅ ላይ ትጭኛለሽ። በእኔ ይብቃ።

ስለዚህ ድግሱ ላይ የማደርገው ይህ ነው። ከእንግዳው መሃል እነሣና «ሰርካለም ብያታለሁ!» እላለሁ። መጀመሪያ ዝም ይባላል። አንዷ ባልቴት «የፊቱ አይደለም ወይ?» ትላለች፤ የፊልጶስ አባት ይስላል። ከዚያ እሜቴ ይርገዱ እልል ይላሉ፤ ኋላ በስልክ ነግሬያቸው ቃል ገብተውልኛል፤ እሳቸው ካሉ ሌላው ምን አማራጭ አለው። አባትሽ ያወጡልሽን ስም እኔም አወጣሁልሽ ማለት ነው፤ ከሁለት ወገን ተቀበልሽው። ለምን ሰርካለም እንዳሉሽ ስትመጪ ታጫውቺኛለሽ፤ በጣም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቀሚስሽን ጀምሬዋለሁ። ሸማኔው ነጩን በጊዜ አደረሰልኝ፤ ችግሩ ክሩ ነው። ቅዳሜ ገበያ ያለውን ቢጫ ክር ሁሉ አገላበጥሁ፤ ባለ ሱቁ «እማማ፣ ቢጫ ቢጫ ነው» እያለ ሊያባርረኝ ደረሰ። ቢጫ ቢጫ አይደለም። አንዱ እርድ ነው፣ አንዱ ቅቤ ነው፣ አንዱ የመኪና ታርጋ ነው። በመጨረሻ ከሥር ተረስቶ የቆየ አንድ ጥቅል አገኘሁ፤ እሱ ሰ ነው፤ ራሱ ነው። ጫፉን በጠቆረ አረንጓዴ ከብቤዋለሁ። ሰው ሲያየው ጥልፍ ብቻ ይመስለዋል፤ ስምሽን ለብሰሽ እንደቆምሽ እኔና አንቺ ብቻ እናውቃለን። የትከሻሽንና የወገብሽን ልክ በዶክተር ፀደይ ላኪልኝ፤ ፊልጶስን ብጠይቀው «መካከለኛ ናት» አለኝ፤ ምን ማለት ነው?

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ምራት አማቷን በስሟ አትጠራም፤ ይህን የዳባት ዘመድ ቢሰማ ሁለታችንንም ያማናል። በሰው ፊት እንደወደድሽ ጥሪኝ። ግን ድግሱ ካለፈ በኋላ አንድ ጧት እኔና አንቺ ብቻችንን ስንሆን፣ ምንም የምታዢኝ ነገር ባይኖርም፣ ከደጃፍ ሆነሽ አየለች በዪኝ። አቤት ብዬ እመጣለሁ። ከአርባ ዓመት በኋላ ቀለሙ እንደ ጥንቱ ይሁን አይሁን ለማየት እንደ ልጅ ጓጉቻለሁ።

እመቤቴ ማርያም በመንገድም በሥራሽም ትቅደምልሽ። የምትነኪው በሽተኛ ሁሉ ይዳንልሽ። አባትሽን ነፍሳቸውን ይማር፤ ያወጡልሽ ስም በልጅ ልጆችሽ አፍ ሲጠራ ለመስማት ያብቃሽ። ያንን ልጄን ደግሞ በእኔ ስም ጆሮውን ቆንጥጪልኝ፤ ባህል እንደዚያ አይነገርም።

ይህን ደብዳቤ ስትጨርሺ የመጨረሻዋን ቃል ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢያት። ከዚህ ሆኜ አልሰማሽም፤ ቢሆንም ልምምድ አይከፋም።

አማትሽ፣

አየለች